አረንጓዴው «ተረድቻለሁ»

ጸሐይ ያን ወሬ የሰማችው ልጅ ሳለች ነው፤ ከአባቷ ጋር ከይርጋጨፌ ወዲያ ካለው መንደራቸው ከኢዲዶ ዲላ ድረስ መጥተው አንድ መሥሪያ ቤት በረንዳ ላይ ተራ ሲጠብቁ። በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። አባቷ ማንበብ አይችልም፤ ግን ባርኔጣውን አውልቆ ከወረቀቱ ፊት ለፊት ቆሟል፣ ሹም ፊት እንደሚቆም። ከተገረበበው መስኮት ወዲያ ሁለት ሰዎች ይነጋገራሉ። አንዱ «ሙሉውን ጻፈው እንጂ፣ ይሄን ምህጻረ ቃል ማን ያውቅልሃል?» ያለ ይመስላታል። ሌላው «ከገባቸው ይጠይቃሉ፤ መጠየቅ ከጀመሩ ደግሞ ምሳችንን አንበላም» አለ፤ ወይም እንዲህ ያለ ነገር። ስቀው እንደሆነ አታስታውስም። የምታስታውሰው አባቷ በተዘጋው በር ፊት ራሱን እየነቀነቀ «እሺ፣ እሺ» ማለቱን ነው። አባቷም አሁን የለም፤ በረንዳውም ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል። ወሬዋ ግን አልፈረሰችም፤ ጸሐይ መርፌዋን ክር ስታጎርስ አንዳንዴ ትመጣባታለች።

ዛሬ ጠዋት ስልኳ የጮኸው የመዘምራን ልብስ እጅጌ ስትገጥም ነበር። ቤቷ ዲላ መናኸሪያ ጀርባ፣ አንድ መስኮት ያላት ኪራይ ናት፤ ከመጋረጃው ወዲህ ሲንጀሯ፣ ከመጋረጃው ወዲያ የእሷና የወንድሟ ልጅ የኤልቤቴል መኝታ። ኤልቤቴል ዘጠነኛ ክፍል ልትማር ከኢዲዶ መጥታ እዚሁ ቀርታለች። ዩኒቨርሲቲውን እዚሁ ጨርሳ፣ ኮምፒውተር ተምራ፣ አሁን የቡና አምራቾቹ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ተቀጥራለች። ማኅበሩ ወረቀት መለጠፍ ትቶ ማስታወቂያውን የሚያወጣበትን የኢንተርኔት ገጽ የሠራችው እሷ ናት። በመጀመሪያ ደሞዟ ለአክስቷ ሲንጀር ሞተር ገዝታላታለች፤ ጸሐይ ሞተሩን ባስነሳች ቁጥር ሳታመሰግን አታልፍም፣ አንዴ እግዚአብሔርን፣ አንዴ ልጅቷን።

የደወለችው ማሚቱ ናት፣ የታላቅ ወንድሟ የጴጥሮስ ሚስት፣ የኤልቤቴል እናት። «የቡናውን አልጋ አራቆቱት» አለች፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም። ሦስት የማኅበሩ ሰዎች በሞተር መጥተው፣ ማድረቂያ አልጋው ላይ ተሰጥቶ ግማሽ የደረቀውን ቡና መሬት ላይ በተነጠፈ ሸራ ገልብጠው፣ ማኅበሩ ያደለውን ሽቦ ወንፊት ጠቅልለው ይዘው ሄደዋል። እንጨቱ ብቻ ቆሟል። «ራሱ ጴጥሮስ ነው በስልኩ ያረጋገጠ አሉ።» ሌላውን ሁሉ በጌዴኦኛ ስታወራ ቆይታ «ያረጋገጠ» የምትለዋን ብቻ በአማርኛ አለቻት፤ ለዚያ ነገር በቤታቸው ቃል አልነበረም። «እሱስ ምን አለ?» አለች ጸሐይ። «ምን ይላል? ሽቦውን በአንድ ጫፍ ይዞ ሲጠቀልሉ አገዛቸው።»

ጸሐይ መቀሷን አስቀመጠች። ቀይ የቡና እሸት በለቀሙበት ቀን ለማጠቢያ ጣቢያ ሲያስረክቡት ብሩ በአንድ ቀን ይመጣል፤ ግማሹን ለለቃሚ፣ ግማሹን ለሱቅ ብሎ በሳምንቱ ቤቱ ባዶ ነው። በቤት የደረቀ ጀንፈል ግን በጆንያ ተቀምጦ፣ ልጅ ሲታመም ትንሽ፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት ትንሽ እየተዘገነ ዓመቱን ያሻግራል። ኤልቤቴልን ዲላ ያመጣት፣ ደብተር የገዛላት በዚያ አልጋ ላይ የደረቀ ቡና ነው። የማኅበሩ ሰዎች ለማሚቱ እንዳሏት፣ ጴጥሮስ ዘንድሮ እሸቱን በሙሉ ለማኅበሩ ሊሰጥና ቤቱ ላያደርቅ ተስማምቷል። ጸሐይ ወንድሟን ታውቀዋለች። ጓዳውን በገዛ እጁ አያስረክብም። መሬት ላይ የተዘረገፈው ቡና ደግሞ ዝናብ ካገኘው ይሻግታል፤ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ወደ ቡሌ ደጋ በኩል ጠቁሯል።

ቀሚሷ ላይ የክር ብጣሽ እንደተለጠፈ ወጣች። ጽሕፈት ቤቱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከብረታ ብረት ሱቅ በላይ ነው፤ ደረጃው ሥር ብረት ይቆረጣል፤ እስከ ላይ ድረስ ወለሉ ይንጫጫል። ኤልቤቴል ከኮምፒውተሯ ቀና ብላ ስታያት ፈገግ አለች፤ ምሳ ያመጣችላት መስሏት ነበር። ጸሐይ አልተቀመጠችም። የማኅበሩን ገጽ በስልኳ ከፍታ አቀበለቻት። «ይሄን አንብቢልኝ፣ ኤልቤ።»

«የዘንድሮ የሙ.እ.ር. አባላት እስከ ዓርብ ያረጋግጡ» ይላል። ሦስቱ ፊደሎች ሰማያዊ ናቸው፤ ከሥራቸው ነጠብጣብ ተሰምሮባቸዋል።

«ሙ.እ.ር. ምንድን ነው?»

«እሱማ ተጽፏል፣ አክስትዬ» አለች ልጅቷ፤ የኮምፒውተሩን መስታወት ወደ እሷ አዞረችላት። ነጯን ቀስት እየነዳች ፊደሎቹ ላይ ስታሳርፋት አንዲት ትንሽ ሣጥን ብቅ አለች። ጸሐይ ጎንበስ አለች። ንባብ ያስተማራት ሰው የለም፤ ከመዝሙር ጥራዝ ላይ በራሷ ነው የለቀመችው፤ ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። «ሙሉ የእሸት ርክክብ፦ አባሉ የለቀመውን እሸት በሙሉ ለማኅበሩ ያስረክባል፤ በቤቱ አያደርቅም፤ የማድረቂያ አልጋውን ሽቦ ይመልሳል።» ጥርት ያለ አማርኛ ነው። አንድም የጎደለው ነገር የለም።

«እዚህስ?» አለች ስልኩን እያሳየች።

ኤልቤቴል ሰማያዊዎቹን ፊደሎች በጣቷ ነካች። ሣጥን አልመጣም። ገጹ ሄደና ሌላ ነጭ ገጽ መጣ፤ በላዩ ላይ «ከላይ የተገለጸውን» የሚል አንድ መስመር፣ ከሥሩ «ተረድቻለሁ» የሚል አረንጓዴ ቁልፍ። ሌላ ምንም የለበትም። «ስልክ ላይ ማውስ የለም» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ፊደሎቹ ማብራሪያም ናቸው፣ ሊንክም ናቸው፤ አንዱን አንዱ ውስጥ ነው የከተትኩት። በኮምፒውተር ስታሳርፊበት ያብራራል፣ ስትጫኚው ይወስድሻል። በስልክ ግን ማሳረፍ የሚባል የለም። ስትነኪው ይወስድሻል።»

«ሳያብራራ?»

«ሳያብራራ።»

ጸሐይ በምታውቀው ሙያ አሰበችው። ቃሉን በኮት ገበር ላይ ጽፈው ኮቱን ከበር ጋር ሰፍተውታል፤ ምን እንደሚል ልይ ብሎ ገበሩን የገለበጠ ሰው በሩን ከፍቶ ይገባል፤ ከገባ ወዲያ ደግሞ ገብተሃል ይሉታል። ደሟ ወደ ጆሮዋ ሲወጣ ተሰማት። የምትቆጣ ሴት አልነበረችም። ሰው ልብስ አበላሽተሽብኛል ብሎ ሲጮህባት እንኳ ጨርቁን ተቀብላ የምትፈታ ናት። «ኢዲዶ ውስጥ ኮምፒውተር ያለው ማነው?» አለች። «በስልክ ሳትሞክሪው ነው ያወጣሽው?»

ከታች የብረት መቁረጫው ጮኸ፣ ቆመ፣ እንደገና ጮኸ። ኤልቤቴል እስኪያቆም ጠበቀች። «ሞክሬዋለሁ። እንደማይታይ አይቻለሁ። ሙሉውን እንጻፈው ብዬ ለኃላፊያችን ለአቶ ዘነበ ነግሬው ነበር፤ ገጹ ይረዝማል፣ አያምርም አለኝ። ኮዱ ደግሞ ስህተት የለበትም፣ አክስትዬ፤ እንደዛ ነው የሚጻፈው። እና ተውኩት።»

«ጴጥሮስም ነክቶታል።»

«የቱ ጴጥሮስ?»

«የቱ ጴጥሮስ ትይኛለሽ? አባትሽ ነዋ! ዛሬ ጠዋት አልጋውን አራቁተውት ሄዱ፤ ቡናው መሬት ላይ ነው።»

የልጅቷ እጅ ማውሱ ላይ እንዳለ ቀረ። «ለኔ የሚመጣልኝ የአባልነት ቁጥር ብቻ ነው፣ ስም የለውም» አለች፤ ለማን እንዳለችው ግን አልታወቀም።

አቶ ዘነበ ከጓዳው ክፍል የወጣው ድምፅ ሰምቶ ነው። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ ለስላሳ። ሰው ሲያዳምጥ አንገቱን ጠመም ያደርጋል። ወንበር ስቦ «ይቀመጡ፣ እህቴ» አላት፤ አልተቀመጠችም። ነገሩን ሲሰማ አልተቆጣም፤ አዘነ እንኳ። «ምንም የደበቅነው ነገር የለም። ይኸው፣ ይዩት» ብሎ በኤልቤቴል ትከሻ ላይ ተሻግሮ ማውሱን ገፋና ያቺን ሣጥን እንደገና አወጣላት። ሣጥኗ ብቅ አለች፤ እጁን ሲያነሳ ጠፋች።

«አቶ ዘነበ፣ እርስዎ በስልክዎ አንብበውታል?»

«እኔማ ለምን አነበዋለሁ? እኔ ነኝ የጻፍኩት» ብሎ ሳቅ አለ። ከዚያ ሥርዓቱን በትዕግሥት አስረዳት። ተሳስቻለሁ የሚል አባል ካለ መብቱ የተጠበቀ ነው። ነገ ጠዋት ሽቦዎቹ ለወናጎ አባላት ከመጫናቸው በፊት ራሱ ቀርቦ፣ በገዛ አንደበቱ፣ ሳይገባኝ ነው ያረጋገጥኩት ማለት አለበት። በእህት አይሆንም፣ በልጅም አይሆንም። «ግን ብዙ አይድከሙ» አለ። «እስከ ዛሬ አልገባኝም ብሎ እዚህ ደረጃ የወጣ የለም። ሁሉም ገብቶናል ነው የሚሉት።» ይህን ሲል ፈገግ አለ። ክፉ ፈገግታ አልነበረም፤ ምሳው እንደማይዘገይበት የሚያውቅ ሰው ፈገግታ ነው። ጸሐይ ያን ጊዜ፣ በዚያ በረንዳ፣ ከመስኮቱ ወዲያ ስቀው እንደነበር እርግጠኛ ሆነች።

«አይገባንም ብላችሁ አይደለም የጻፋችሁት» አለችው። «አንጠይቅም ብላችሁ ነው የጻፋችሁት። ጨዋነታችንን ጠምዳችሁ ነው ያረሳችሁበት። እግዚአብሔር ያያል፤ ግን እሱ እስኪያይ አልጠብቅም።»

ኤልቤቴል ቦርሳዋን አነሳች። «የት ነው? ሥራ ሰዓት ነው» አላት ኃላፊው። «አባቴ ጋ» አለች፤ ኮምፒውተሩን ሳታጠፋ ወጣች።

ሚኒባሱ እስኪሞላ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ረዳቱ የይርጋጨፌን ታሪፍ በሃያ ብር አስበልጦ ጠየቀ፤ ሌላ ቀን ቢሆን ጸሐይ ትከራከረው ነበር፤ ዛሬ ሰጠችው። አክስትና ልጅ አንድ ወንበር ላይ፣ በመሃላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍተት ትተው ተቀመጡ። ረዳቱ አየት አደረጋቸውና «እናንተ ከተጣላችሁ ለኔ ገቢ ነው» ብሎ አንዲት የጎመን ዘንቢል የያዘች ሴት መሃላቸው አስገባ። ሰው ሳቀ፤ እነሱ አልሳቁም። ጸሐይ በልቧ ጸለየች፤ አንደበቴን ያዝልኝ አለች። እስከ ወናጎ ተያዘላት። ወናጎ ላይ ባለዘንቢሏ ወረደችና ክፍተቱ እንደገና ባዶ ሆነ። ጸሐይም መንገዱን እያየች «ባታውቂ ኖሮ ይቅር እልሽ ነበር» አለች። ከይርጋጨፌ እስከ ኢዲዶ በሞተር ሄዱ። የሞተሩ ልጅ ብቻ ስለ እሸት ዋጋ እየጮኸ ነገራቸው፤ ከአምናው ጨምሯል አለ፤ ማንም እሺ አላለውም።

አልጋው ከቤቱ ጎን፣ ከእንሰቱ ፊት ለፊት፣ እንጨት እንጨቱን ብቻ ቆሟል፤ ቆዳው የተገፈፈ ከብት ይመስላል። ቡናው ከሥሩ ሸራ ላይ ተዘርግቷል። ጴጥሮስ ሸራው ዳር በጉልበቱ ተንበርክኮ በእጁ ያገላብጠዋል፤ ከታች እርጥበት እንዳይዘው። በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ በመንደሩም ሰው ሲጣላ የሚጠራ እሱ ነው። ሲያያቸው ተነስቶ እጁን በሱሪው ጠረገና ሳማቸው፤ ልጁን አስረዝሞ ሳማት። ማሚቱ በር ላይ ቆማ ሰማዩን ታያለች።

«ጋሼ፣ ምን ብለህ ነው የነካኸው?» አለች ጸሐይ፣ ውኃ እንኳ ሳትጠጣ።

«ፊደሎቹ ምን እንደሆኑ ልይ ብዬ። እዚህ ጥላ ሥር ከጎረቤቶቹ ጋር ተቀምጠን ነበር። ነካኋቸው፣ ሌላ ገጽ መጣ። ተረድቻለሁ ይላል። ሌላ የሚባል ነገር የለበትም።» ተመልሶ ተንበረከከና ማገላበጡን ቀጠለ። «መሥሪያ ቤት ተረዳህ ወይ ሲልህ ምን ትላለህ? ሰው ሲያናግርህ ፊቱ ላይ ትዘጋበታለህ? ሰላምታ ነው ብዬ መለስኩ።»

«ታዲያ ነገ ዲላ መጥተህ አልገባኝም ነበር በላቸው። ሽቦህን ይመልሳሉ። ኃላፊው በአፉ ብሏል። እስከ ዛሬ ግን ደረጃውን የወጣ የለም አለኝ።»

«አልልም።»

«ጋሼ!»

«አዎ ብያለሁ። የኔ አዎ እንደ ሸሚዝ አይገለበጥም፤ ሸሚዝ መገልበጥ የአንቺ ሥራ ነው።» ቀልዶ ነበር፤ ግን ፊቱ አልቀለደም። «ደግሞ ብቻዬን አይደለሁም። እኔ ስነካ አይተው ጥላው ሥር የነበሩት ሁሉ ነኩ። ጴጥሮስ ከገባው ገብቶናል አሉ። ነገ ተነገ ወዲያ የእነሱንም ይጠቀልላሉ። በልጆቻቸው ፊት፣ ያመናችሁኝ ሰውዬ ምንም አልገባኝም ነበር ልበላቸው? ከዚህ ቡናው ቢሻግት ይሻለኛል።»

የተቆጣችበት ኃላፊ ዲላ ቀርቷል፤ እዚህ ያለው የአባቷ ራስ ነው፣ በተዘጋ በር ፊት የሚነቀነቀው። ቁጣዋ የምትወረውረው ድንጋይ መሰላት፤ የምታሳርፍበት ቦታ አጥታ በእጇ ከበደ።

ኤልቤቴል ያን ጊዜ ሸራው ማዶ ተንበረከከች። ቡናውን ማገላበጥ ጀመረች፣ ልጅ ሳለች እንደተማረችው፣ በጣቶቿ ጀርባ። «አባዬ፣ ገጹን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች።

«አውቃለሁ። ለዛ ነው ሳልጨነቅ የነካሁት። የልጄ እጅ ያረፈበት ነው ብዬ ነው ለጎረቤትም ያሳየሁት።»

የልጅቷ እጅ ቆመ። «በስልክ እንደማይነበብ አውቅ ነበር» አለች። «አይቼው ነበር። አለቃዬ ተዪው ሲለኝ ዝም አልኩ። እኔም እሺ አልኩ፣ አባዬ።»

የጴጥሮስም እጅ ቆመ። ማሚቱ ከበሩ ወደ ውስጥ ገባች። ሰውየው ልጁን ረጅም ጊዜ አያት፤ መጀመሪያ እንደሚያውቃት፣ ቀጥሎ እንደማያውቃት። ሲነሳ ጉልበቱ ላይ ጥቂት ፍሬዎች ተጣብቀው ነበር፤ አላራገፋቸውም። «ዘጠነኛ ክፍል እንድትገቢ ስሰድሽ» አለ፣ ድምፁ ከወትሮው ዝቅ ብሎ፣ «ያልገባኝን የምታነቢልኝ መስሎኝ ነበር።» ጸሐይ በኖረችበት ዕድሜ ሁሉ ወንድሟ ሲጮህ ሰምታው አታውቅም፤ አሁንም አልጮኸም። ኤልቤቴልም አላለቀሰችም። ማልቀስ የእሷ ተራ እንዳልሆነ ገብቷት ይሆናል።

የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች እንሰቱ ቅጠል ላይ ጠብ ጠብ አሉ። ማሚቱ ጮኸች። አራቱም ተሯሩጠው የሸራውን ማዕዘን ማዕዘን ያዙ፤ ቡናው ወደ መሃል ተንከባለለ፣ ከበደ። አባትና ልጅ አንድ ወገን ነበሩ፤ በሩ ጠባብ ስለነበር ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው ነው የገቡት። ቡናውን መኝታ ክፍሉ ወለል ላይ አሰጡት፤ ወንበሩን ወደ ግድግዳ ገፉ፣ ፍራሹን አቆሙት። ለመቀመጫ የተረፈ ቦታ ስላልነበረ አራቱም በቡናው ዙሪያ ቆመው ቀሩ። ጭቃና የእሸት ሽታ ቤቱን ሞላው። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ብዙ አልቆየም፤ እንዲያው ማስጠንቀቂያ ነገር ነበር። ሲያባራ ከጎረቤት የሰዎች ድምፅ ተሰማ፤ እነሱም ቡናቸውን ሲከድኑ ኖሯል፤ ገና ባልተነካው አልጋቸው ላይ።

ጴጥሮስ ያን ድምፅ ቆሞ አዳመጠ። «የእነሱንም ሊጠቀልሉ ነገ ይመጣሉ» አለ፣ ለራሱ።

«ሙሉውን ዘርዝሬ እጽፈዋለሁ» አለች ኤልቤቴል። «ዛሬውኑ፣ ከስልኬ ላይም ቢሆን። ከተረድቻለሁ አጠገብ አልገባኝም የሚልም አደርጋለሁ። ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ።»

«አድርጊው። ግን እሱ የተጠቀለለውን አይዘረጋም።» ወደ እህቱ ዞረ። «ያ ሰውዬ ምን አለ አልሽኝ? ደረጃውን የወጣ የለም?»

«አልገባኝም ብሎ የወጣ የለም አለኝ። ስቆ።»

ጴጥሮስ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱ ላይ የቀሩትን ፍሬዎች አንድ በአንድ ለቀመና ክምሩ ላይ ጣላቸው። ከበሩ ጀርባ የእሑድ ኮቱ ተሰቅሏል፤ አወረደው፣ አየው፣ እጅጌው የተተረተረበትን ለእህቱ አሳያት። ጸሐይ መርፌዋን ከአንገት ልብሷ ነቀለች።

«እሺ» አለ። «ነገ በጠዋቱ እመጣለሁ። እዚያ ሰውዬ ፊት ቆሜ አልገባኝም እለዋለሁ። ግን በር ዘግቶ እንዳያነጋግረኝ። ጎረቤቶቼም ይመጣሉ፣ ደረጃው ላይ ይቆማሉ፤ እኔን አይተው እንደነኩ፣ እኔን ሰምተው እነሱም የየራሳቸውን ይላሉ። አንቺም» አላት ልጁን፣ ሳያያት፣ «አጠገቤ ትቆሚያለሽ። እኔ ጮክ ብዬ ነው የምለው።»